መግባት በፈገግታ፣ መውጣት በሪዝ

ሰው ምስጋና ቢስ ነው። በዋናው መንገድ ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ስለተከፈተው የአካል ማጎልበቻ ማዕከል የሚወራውን የሰማ ይህን ይመሰክራል። «ያስገባል እንጂ አያስወጣም» ይሉታል። «ወጥመድ ነው» ይሉታል። ባል ሚስቱን፣ ሹም ቃሉን፣ ጓደኛ ጓደኛውን ዓመት ሳይሞላው በሚጥልበት በዚህ ዘመን፣ አንዴ የያዘውን ሰው ሙጭጭ አድርጎ የማይለቅ ተቋም ከተገኘ ሐውልት እንጂ ሐሜት አይገባውም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ፍቅር ከእናቴ በስተቀር አይቼ አላውቅም፤ እናቴም ብትሆን በየወሩ አታስከፍለኝም ነበር።

የዚህን ፍቅር ሙሉ ጣዕም የቀመሰው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ከፍና ዝቅ የሚል አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ። ከኋላ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች። እጇ የተመሰገነ ነው፤ ዓይኗ ግን ከድቷታል። ባለፈው የአንድ ደንበኛ ሱሪ ስታሳጥር ኪሱን ከአፉ ሰፍታ ዘጋችው። ሰውዬው ያወቀው ሰንብቶ ነው፤ ኪሱ የሚያስገባው ነገር ስላልነበረው። ሐኪሙ «መነጽር ካላደረጉ ስፌቱን ይተዉት» አላት። ስፌቱን ከተወች ደግሞ ቤቱ በመቀስ ብቻ አይቆምም። እናም ባልና ሚስት ለመነጽሩ ባንክ ማጠራቀም ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ባልየው ወገቡን ያመው ጀመር። የሚስቱ ወንድም፣ ሰፈሩ ሁሉ «ራሰ በራው» የሚለው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እያየ አዘነለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ የሰው ጭንቅላት ስታይ ወገብህ ሊበጠስ ነው። ና፣ እኔ ጂም ላስገባህ።»

አዲስ ሰው ላመጣ የአንድ ወር ክፍያ እንደሚቀርለት አልነገረውም። የዘመድ ነገር ነው፤ ትንንሹ ሁሉ አይወራም።

አገባቡስ እንዴት ያለ ነበር! የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ብድግ ብላ ተቀበለችው፤ ወንበር ሳበችለት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣችለት፤ ጥርሷ እስከ መንጋጋዋ ታየ። ሠርጉ ዕለት እንኳ እንዲህ ያከበረው አልነበረም።

«ግብዎ ምንድን ነው ጋሼ?» አለችው ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ አስፍራ።

ግድግዳው ላይ ደረቱ በር የሚያክል፣ ሆዱ ላይ ጡብ የተደረደረበት የሚመስል ሰውዬ ፎቶ ተሰቅሏል። ፀጉር አስተካካዩ ቀልደኛ ነው፤ በጣቱ እያሳየ «እሱን አድርጊኝ እስኪ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እየሳቀች ጻፈችው። «ግብ፦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰውዬ መሆን።» ፈረመ። ክፍያው በየወሩ መጀመሪያ ከባንክ ሂሳቡ ራሱ እንዲቆረጥም ፈረመ፤ «እርስዎ እንዳይደክሙ ነው» ስላለችው።

ጥቂት ሳምንት ሄደ። የመሮጫው ማሽን ላይ ሮጠ፤ ሮጦ ሮጦ ከማሽኑ ሲወርድ እዚያው ነበር። ብረት አነሳ። ወገቡ ጭራሽ ባሰበትና ፀጉር የሚቆርጠው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ደንበኛውን «እስኪ ጎንበስ በልልኝ» እያለ ሆነ። በመጨረሻ ቀረ። እሱ ይቅር እንጂ ገንዘቡ አልቀረም፤ በየወሩ መጀመሪያ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ ጂም ይሄዳል። ከዚያ ቤተሰብ ስፖርት የሚወደው ገንዘቡ ብቻ ሆነ።

«መነጽሬስ?» ትላለች ሚስቱ።

«ሊደርስ ነው።»

«ባለፈው ወርም ሊደርስ ነበር። የት ደርሶ ነው የሚመለሰው?»

«ጂም» አላት አንገቱን ደፍቶ።

ሊያቋርጥ ሄደ። መቼም ጨዋ ሰው ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ያቺው ልጅ ናት፤ ጥርሷ ግን ዛሬ ሥራ አልገባም።

«አባልነቱን መልቀቅ ፈልጌ ነበር።»

«ውይ ጋሼ! ምን አስቀየምንዎት?»

«ኧረ ምንም። ወገቤን አሞኝ ነው።»

«ወገብዎን ካመመዎትማ የበለጠ ያስፈልግዎታል።»

«የባሰብኝ እኮ እዚሁ ነው።»

«ታዲያ የሚሻልዎትም እዚሁ ነዋ!» አለችና ኮምፒውተሩን አየች። ፊቷ ላይ የእውነት ኀዘን ታየ። «ጋሼ፣ ግብዎን ገና አላሳኩም። ግቡን ያላሳካ አባል አይሰናበትም፤ ደንብ ነው።»

«ያሳካውስ?»

«ያሳካማ ለምን ይወጣል? ያገኘውን እንዳያጣ ይቆያል።»

እዚህ ላይ ቆም ብለን ይህን ደንብ ያረቀቀውን ጭንቅላት ማድነቅ ተገቢ ነው። ስንት ሊቃውንት ተሰብስበው ሕግ ያወጣሉ፤ አንዱም ቀዳዳ ሳይተው አያውቅም። ይህ ግን ውሃ አያስገባም። ሰው ደግሞ ጭራሽ አያስወጣም።

«ለየት ያለ ጉዳይ ካለ የሚፈርሙት ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው» አለችው። «ማኅተሙም እሳቸው ጋ ነው።»

«የት አሉ?»

«ስብሰባ ላይ።»

ከራሷ በላይ የዋና ሥራ አስኪያጁ ምስል ተሰቅሏል። ፊታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሪዛቸው ግን ሪዝ ነው። ከአፍንጫቸው ሥር ተነስቶ ግራና ቀኝ እንደ ወይፈን ቀንድ ወደ ላይ ወጥቷል። ፀጉር አስተካካዩ በባለሙያ ዓይን አየውና፣ ንዴቱ እንኳ እያለ፣ «በየቀኑ ሰም የሚቀባ ሪዝ ነው» ሲል አሰበ።

ደረጃውን ወርዶ ሲወጣ በር ላይ ጥበቃው አየው። ጥበቃው ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተዘረገፈ፣ ደግ ሰው ነው።

«አልለቀቁዎትም አይደል? ግቡ ላይ ምን ብለው ነው ያስሞሉት?»

«ያንን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰውዬ መሆን።»

ጥበቃው ሆዱን አሻሸና ተነፈሰ። «አይዞዎት ጌታዬ፣ ይደርሱበታል። እኔ ነኝ እኮ።»

«ምኑ?»

«ሰውዬው። የዛሬን አያድርገውና። እኔም ልለቅ ብዬ መጥቼ ነው፤ ‹ክፍያውን በሥራ ቻለው› ብለው እዚህ አቆሙኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ የጥበቃውን ሆድ አየ፤ የራሱን ሆድ አየ። ወገቡን ረስቶ ደረጃውን ሽቅብ ሮጠ።

«ግቤን አሳክቻለሁ!» አላት ልጅቱን እያለከለከ። «ሰውዬው በር ላይ ነው! ሆዳችን እኩል ነው፣ ከፈለግሽ ለኪን!»

ልጅቱ ጥርሷን መልሳ አወጣች። «እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! በሉ እንግዲህ፣ ያገኙትን እንዳያጡ።»

ከዚያ ባንክ ሄደ። ባንክ ያሉት ልጆች ትሑታን ናቸው፤ በመስኮቱ ቀዳዳ አጎንብሰው ነው የሚያናግሩት።

«ይህን ክፍያ አቁሙልኝ።»

«ሰብሳቢው ድርጅት ካላዘዘን አናቆምም ጌታዬ።»

«ገንዘቡ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«ታዲያ?»

«የእርስዎ ባይሆንማ ከእርስዎ ሂሳብ መች ይቆረጥ ነበር?»

ይህን የመሰለ መልስ የሰጠ ሰው አሁንም መስኮት ጀርባ መቀመጡ የአገር ጉዳት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግን ዕውቀት ስለማይወድ እየተራገመ ወጣ።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነበር። አንድ ጠዋት ግን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ድንገት ቆመ። ደንበኛውን በአረፋ ትቶ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ሚስቱ እጇን ይዛ ተቀምጣለች። የመኪናው መርፌ ጣቷን ከነጥፍሯ ወግቷታል።

«ሸሚዙን ነካው?» አለችው መጀመሪያ። «እይልኝ እስኪ፣ ደሙ ሸሚዙን ነካው እንዴ? አላየውም።»

ሸሚዙን አልነካውም። ጣቷን አጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ አስሮ፣ ተመልሶ ወንበሩ ጋ ቆመ። አፈረ። ሚስቱ በዳበሳ ስትሰፋ የእሱ ገንዘብ ፎቅ ላይ ብረት ያነሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስንብት ማመልከቻ ጽፎ በጋውኑ ኪስ ይዞ መዋል ጀመረ፤ ለማን እንደሚሰጠው ሳያውቅ።

እግዜር ሲሰጥ ቤትህ ድረስ ነው። ማዕከሉ ሰፍቶ ሁለተኛ ቅርንጫፉን ሊከፍት ሆነ፤ የት ቢሉ፣ ልክ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት። በምረቃው ዕለት ጠዋት ወንበር ይደረደራል፤ ሪባን ይወጠራል፤ ድምፅ ማጉያው «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል። በዚህ መሐል የፀጉር ቤቱ በር ተከፈተና ያ ሪዝ ገባ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከኋላው ተከትለውት ገቡ።

«የወትሮው ባለሙያዬ ዛሬ ቀረብኝ» አሉና ወንበሩ ላይ ተደላደሉ። «ሪዙን ጫፍ ጫፉን ብቻ። አደራ፣ አሳምርልኝ። ንግግር አለብኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረ፤ አረፋውን ቀባ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። «ክቡራንና ክቡራት! ሰው ወደ እኛ ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ሲቆይ ግን ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ደግሞ አይለያይም…»

«አንተ!» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «እስኪ ይህቺን ክር አስገባልኝ፤ ቀዳዳው አልታይ አለኝ።»

ገባ። ያች የታሰረች ጣት መርፌውን ይዛ ትጠብቀው ነበር። ክሩን አስገባላት። ሲመለስ ምላጩን አነሳና በአንድ ጭረት የቀኙን ሪዝ ከሥሩ አወረደው። ከዚያ ምላጩን ጠርጎ አጠፈ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ገለጡ። መስታወቱን አዩ። መስታወቱም አያቸው።

«ምን… ምን አደረግህ?!»

«አገልግሎቱ ተጀምሯል።»

«ቀጥለዋ! አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

«መቀጠሉን የሚወስኑት የዚህ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው።»

«አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ» አለና በርጩማው ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባበረ። «ግን ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«በቃ፣ ልውጣ!»

«መውጣትማ ይቻላል። ሲገቡ ግብዎ ምን ነበር? ‹ሪዜን አሳምርልኝ›። አምሯል? አላማረም። ግቡን ያላሳካ ደንበኛ አይሰናበትም።»

«አንተ! ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«ግማሽዎን።»

መታወቂያቸውን መዥረጥ አድርገው አወጡ። ፀጉር አስተካካዩ ተቀብሎ ፎቶውን አየ፤ ፊታቸውን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ። እዚህ ላይ ያሉት ሰውዬ ሪዛቸው ሙሉ ነው። እሳቸው በአካል መጥተው ያነጋግሩኝ።»

ከመንገዱ ማዶ ድምፅ ማጉያው «ክቡራን እንግዶች፣ ዋና ሥራ አስኪያጃችን አሁን ይደርሳሉ» አለ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ላብ አጠመቃቸው። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ገዛ ማዕከላቸው ደወሉ፤ የዚህን እብድ ሰውዬ አባልነት አሁኑኑ ሰርዙ ሊሉ ነው። የልጅቱ ድምፅ ከስልኩ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይቅርታ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እኔ ነኝ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው ጌታዬ። ለመሰረዝ ከሆነ በአካል ይምጡ። ግብዎን አሳክተዋል?»

ዘጋችባቸው። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ያፈራ ድርጅት ዘላለም ይኑር! በዚያች ደቂቃ ግን ዋና ሥራ አስኪያጁ የራሳቸውን ሥልጠና ያን ያህል አላደነቁትም።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ማመልከቻው ከጋውኑ ኪስ ወጣ። ማኅተሙ ከእሳቸው የደረት ኪስ ወጣ፤ ለማንም ስለማያምኑት ይዘውት ነው የሚዞሩት። ያ ሁሉ ሰው ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ የከረመባት ማኅተም የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ከማበጠሪያ ጋር ትኖር ነበር። ፈረሙ፤ መቱ። ለባንኩም ትእዛዙን እዚያው ወንበር ላይ ጽፈው መቱ።

ግማሽ ሪዝ መልሶ አይተከል፤ የግራውም ከቀኙ ጋር ተሸኘ። እስካሁን «አሉ፣ ሄዱ» ስል የነበረው ሪዙን አክብሬ ነው፤ ከዚህ በኋላ አንቱታው ቢቀር አንባቢ አይታዘበኝ። ሰውዬው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ምረቃው ሲሮጥ የአዲሱ ቅርንጫፍ ጥበቃ ከተሰቀለው ምስል ጋር አመሳከረውና «ወዴት ነህ?» አለው። ሪባኑን የቆረጠው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው።

እዚህ ላይ ብንጨርስ ታሪኩ ቆንጆ ነበር፤ ደካማው አሸነፈ፣ ጉልበተኛው ተዋረደ፣ ብለን እናጨበጭብ ነበር። ግን ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አገር ያውቃል፤ እኔ በአፌ አልለውም።

ፀጉር አስተካካዩ በዚያን ዕለት በርጩማው ላይ እግሩን ሲያነባብር አንድ ነገር ጣመው። ሪዝ ማሳደግ ጀመረ። መጀመሪያ «ሰነፍኩ» አለ፤ ኋላ ጫፉን ወደ ላይ ያጠቀልለው ያዘ፤ ኋላም ሰም ገዛ። ደንበኛ ሲመጣ ብድግ ብሎ ወንበር ይስባል፤ ውሃ ያቀርባል፤ ጥርሱን ያሳያል። ግድግዳው ላይ ጎፈሬው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ ተሰቀለ። ገበያው ደራ። ከጂሙ የተረፈው ገንዘብ ከዚህ ጋር ተደምሮ የሚስቱ መነጽር በእውነት ደረሰ።

ራሱ ሄዶ አምጥቶ፣ ራሱ ዓይኗ ላይ አደረገላት። መርፌዋን አነሳች፤ ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባች። ደግማ አስገባች። ሦስተኛ አውጥታ አስገባችና አለቀሰች። «ይታየኛል እኮ!» አለች። «ቀዳዳው ይታየኛል!» እሱም ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ይህ እውነት ነው፣ አልቀለድኩም። የሚወደው ሰው ብርሃን ሲያገኝ ማየት የማያስደስተው የለም።

ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ሱቁ ወጣች። ባሏን አየችው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አፍንጫህ ሥር?» ብላ ሳቀች። ወንድሟ ራሰ በራው አግዳሚው ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል፤ ፀጉር የሌለው ሰው ፀጉር ቤት ምን እንደሚጠብቅ ግራ ገባት። ዓይኗ ከመስታወቱ ጎን በትልቁ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ ሄደ። አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦ አገልግሎታችን በወር አባልነት ሆኗል። ክፍያው እንዳይደክማችሁ ራሱ ይቆረጣል። አባልነቱን ማቋረጥ የሚፈልግ፣ ሲመዘገብ የነበረውን ፀጉር ይዞ በአካል ይቅረብ። ግቡን ያላሳካ አይሰናበትም።»

«እህቴ፣ እስኪ አንቺ እንኳ ንገሪው» አለ ራሰ በራው። «ልልቀቅ ብለው ግብህን አላሳካህም አለኝ።»

«ግብህ ምን ነበር?»

በጣቱ ጎፈሬውን ጎረምሳ አሳያት። «ቀልዴን እኮ ነው ያልኩት!»

ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች። መነጽሩ ዓይኗን አተልቆት ነበር።

«እኔ ጣቴን የሰፋሁት አንተ ይህን እንድትሆን ነው?»

«ለመነጽሩ ብዬ እኮ ነው» አለ ሪዙን እየነካካ። «ደግሞ ደንብ ነው፤ ቤት ያለ ደንብ…»

«እኔስ? ከዚህ ቤት መውጣት ብፈልግ ማመልከቻውን ለማን ነው የማስገባው?»

ልማድ ክፉ ነው። አፉ ከልቡ ቀድሞ «ለዋና ሥራ አስኪያጁ» አለ።

«የት ነው ያለው?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ያን ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው። ምላጩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ በአዲሱ መነጽሯ ስለቱን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው።»

በማግስቱ ማስታወቂያው ከግድግዳው ላይ አልነበረም፤ ራሰ በራውም ያለ ማመልከቻ ተሰናብቷል። ፀጉር አስተካካዩ ለሚጠይቀው ሁሉ ሪዙን በገዛ ፈቃዱ እንደተላጨ ይናገራል። አልዋሸም፤ ሁለተኛውን ግማሽ በፈቃዱ ነው የተላጨው።